ከግንቡ እስከ ጎጆው፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የ70 ዓመት ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ1699 ቻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሥቶ በሴናር በኩል ጎንደር ገባ። የተጠራው የታመሙትን ንጉሠ ነገሥት፣ ታላቁን ኢያሱን፣ እንዲያክም ነበር። ከ71 ዓመት በኋላ፣ በ1770 የካቲት ወር፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በዚያው ከተማ ሲደርስ ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱን አዳርሶት አገኘ። ብሩስ ቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ሰንብቶ የመሳፍንቱን ልጆች አስታመመ፤ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሞገስ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሁለቱም እንግዶች ሕክምና ያበቃው ከነገሥታቱ ግንብ ዘንድ ነው። ከግንቡ ወዲያ፣ ከጣና ዳር ባለው ሜዳ፣ ገበሬው በንዳድ ሲነድ የሚደርስለት ጎረቤቱ፣ ጠበሉና የአገሩ መድኃኒት ዐዋቂ ነበር። የውጭው ዓለም እውቀት ወደ ጎንደር ሲመጣ ለአንድ ቤተሰብ መጥቶ ከዚያው ቤተሰብ ጋር ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ታሪክ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ ጎንደር የተወለደ ሕፃን አግኝተው ወደ ህንድ ወሰዱት። ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ከዐድዋ ድል በኋላም አገሩን ፈልጎ መጣ። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ጎንደር ለአገሪቱ የመጀመሪያውን ሐኪም ስታበረክት ልጇ ባሕር ተሻግሮ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ቋንቋው ጠፍቶበት ነበር። የጎንደር ልጅ እዚያው ጎንደር ተቀምጦ የጤና ትምህርት የሚማርበት ቤት ገና አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ እ.ኤ.አ. በ1952 ዐረፉ። ያ ቤት የተከፈተው ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ደምቢያ

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ የደምቢያ ሜዳ ይጀምራል። እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍና ኑግ ያበቅላል፣ ከብት ያረባል። ክረምቱ ሲወጣ ግን ውኃው ቶሎ አይሸሽም። በየጉድጓዱና በየከብቱ ኮቴ ሥር የቀረው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ሰብሉ የሚያሸትበትና ንዳዱ የሚነሣበት ጊዜም አንድ ነው። ገበሬው አጨዳ ላይ መዋል ሲገባው አልጋ ላይ ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ግን ከተለመደው የከፋ ነበር። በደምቢያ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። አዝመራው በማሳ ላይ ቀረ፣ ቀባሪ ያጣ መንደር ሆነ። የአዲስ አበባ ሐኪም ቤቶች ለዚህ ሰው ሩቅ ነበሩ። ቢቀርቡም መድኃኒት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ጉዳዩ የውኃ፣ የትንኝ፣ የመኝታ፣ የምግብና የእውቀት ጉዳይ ነበርና።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምላሹን ሲያስብ ፊት ለፊቱ የቆመ ችግር ነበረበት። ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አንድ ሐኪም ለማሠልጠንም ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሐኪም እስኪበዛ ቢጠበቅ ደምቢያን የመሰሉ አገሮች ባዶ ይቀራሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1954 ነጥብ አራት በሚባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ድጋፍ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጅማሬ ይህ ነው።

የቦታውን ምርጫ ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ከፍተኛ ትምህርት ሲታሰብ አዲስ አበባ ይታሰባል፤ መብራቱ፣ መንገዱ፣ መምህሩና ሹሙ ያሉት እዚያ ነው። ይህን ኮሌጅ ያቋቋሙት ሰዎች ግን ትምህርቱን በሽታው ወዳለበት ወሰዱት። ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚያጠናውን ችግር በዓይኑ እንዲያይ ሆነ።

አራቱ አንድ ላይ

ኮሌጁ አራት ዓይነት ባለሙያዎችን አሠለጠነ። ጤና መኮንኑ በሐኪምና በነርስ መካከል የቆመ ባለሙያ ነው፤ ሕመምተኛ ያክማል፣ ጤና ጣቢያ ያስተዳድራል፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ይከላከላል። የማኅበረሰብ ነርሷ ከቤት ወደ ቤት እየሄደች እርጉዟንና ሕፃኑን ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ የረጋ ውኃ ያስደርቃል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከጣት ጫፍ የተወሰደችውን የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ አይቶ ንዳዱ ወባ መሆን አለመሆኑን ይናገራል።

የጎንደር ፈጠራ ሙያዎቹን ከመክፈት ይልቅ በማጣመሩ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሊመረቁ ሲቃረቡ በቡድን ተደራጅተው ቆላ ድባን ወደመሰሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። ቆላ ድባ የደምቢያ ዋና ከተማ ናት፤ ኮሌጁን ያስወለደው ሞት የተከሰተባት አገር ለኮሌጁ መማሪያ ሆነች ማለት ነው። ተማሪዎቹ አንድ ላይ ይኖራሉ፣ አንድ ላይ ይሠራሉ፣ ስለ አንድ መንደር አንድ ላይ ያስባሉ። «የቡድን ሥልጠና» ይሉታል፤ የዛሬ ተማሪዎች ደግሞ በአጭሩ «ቲቲፒ»።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ምን እንደሚያስተምር ለመረዳት አንድ ተማሪ ከአንድ ጎጆ ደጃፍ የሚቆምበትን ሰዓት ማሰብ ይበቃል። ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛው ነው እንግዳው፤ ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠሩት ይገባል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል። ጎጆው ዘንድ ግን እንግዳው ተማሪው ነው። «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፣ «ግቡ» እስኪባል ይጠብቃል፣ ገብቶም የተሰጠው መደብ ላይ ይቀመጣል። ሕፃኑን ያስተኙበትን ቦታ፣ ውኃው የተቀዳበትን እንስራ፣ ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ያያል። ከመጽሐፍ ያነበበው በሽታ እዚህ ቤት ውስጥ እናት አለው፣ ከብት አለው፣ ዕዳ አለው። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአባቶች ብሂል በዚያ መደብ ላይ ለተቀመጠ ተማሪ የሙያው መመሪያ ይሆናል።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አልነበረችም። ከተማዋ የ44ቱ ታቦት አገር፣ በዓታዋም የአቋቋም ማስመስከሪያ ናት። የቆሎ ተማሪው ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይና ከላስታ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ መምህር ፍለጋ ይመጣባት ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም ሕዝቡ ከማዕዱ ያካፍለዋል። ሕዝቡ ተማሪውን እየመገበ ያስተማረበት የብዙ መቶ ዓመት ውል ነበር። የጤና ኮሌጁ ተማሪ በዚያው ደጃፍ ሲቆም የአሮጌውን ውል ሌላኛውን ወገን የፈጸመ ይመስለኛል፤ የተማረው ሰው ወደ መገበው ሕዝብ ተመለሰ።

ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ጉያ

የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ወደ ሥራ በተሰማሩበት ወቅት እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ደምቢያ ብቻ አልነበረችም፤ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ገደማ እንደሞተ ተገምቷል። ኮሌጁ ያቀደው ሥራ የአንድ አውራጃ ጉዳይ እንዳልነበረ ይህ ወረርሽኝ አሳየ። መንግሥት ለ50,000 ሰው አንድ ጤና ጣቢያ የሚል መለኪያ ይዞ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ጤና ጣቢያ ሲያስፋፋ ጣቢያዎቹን የሚመሩለት የጎንደር ጤና መኮንኖች ነበሩ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመረቅ የጎንደሩ ኮሌጅም ከአባላቱ አንዱ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደነገገ። የበዙት በገጠር ከተሞች ትምህርት ቤቶች ያስተማሩበት ይህ አገልግሎት ከአንድ ትውልድ ምሁራን ትዝታ አይጠፋም። ለአዲስ አበባው ተማሪ ደንቡ አዲስ ነገር ነበር፤ የጎንደሩ ተማሪ ግን ትምህርቱ ራሱ በዚያ መንገድ የተዋቀረ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ኮሌጁ የብዙ አገር ሰዎች የሚሠሩበት ቤት ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዲንነት ከመሩት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ዴኒስ ካርልሰን ናቸው። ስማቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከ30 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህም አንድ ነገር ያስረዳል፦ የውጭ ግንኙነት ውል ከመፈራረም የሚያልፈው ሰው ከሰው ጋር ተሳስሮ ዕድሜውን ሲሰጥበት ነው።

ዘመቻና ላይፕዚግ

አብዮቱ ፈነዳ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ፤ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ወደ ገበሬው መውጣት በጎንደር ኮሌጅ የሙያ ሥርዓት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የመንግሥት ትእዛዝና የፖለቲካ ማዕበል ሆኖ መጣ። በርካታ ወጣቶች በቅን ልብ መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ገበሬ አደራጁ። ብዙዎቹም ከዚያ ዘመን በሕይወት አልተመለሱም፤ ቀይ ሽብር ሲመጣ የወጣት እናት ሁሉ ደጅ ደጁን የምታይበት ጊዜ ሆነ።

ያ ጭንቅ ገና ሳይበርድ ጎንደር ሌላ ምዕራፍ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1978 ከምሥራቅ ጀርመን ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከላይፕዚግ ከተማ፣ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ክፍል ተከፈተ። የጀርመን ሐኪሞችና መምህራን ከነቤተሰባቸው መጥተው ጎንደር ኖሩ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አስተማሩ፣ በሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና አደረጉ፣ ኢትዮጵያውያን መምህራንንም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ላይፕዚግ ላኩ። ከአዲስ አበባ ውጭ ሐኪም ማሠልጠን መቻሉ ለአገሪቱ ታላቅ እርምጃ ነበር።

ነገር ግን በዚያው አሥር ዓመት መገባደጃ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። ሐኪም ማፍራት ከተጀመረ ጤና መኮንን ምን ያደርጋል የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። ዓለም ያን ጊዜ የሚናገረው ግን ሌላ ነበር፤ በዚያው በ1978 የመንግሥታት ተወካዮች አልማ አታ ላይ ተሰብስበው የጤና መሠረቱ በመንደሩ የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ አገልግሎት ነው ብለው ተስማሙ። ጎንደር ለ20 ዓመት ያህል የሠራችበት ሐሳብ ዓለም አቀፍ መርሕ ሲሆን እዚያው ቤቷ የጤና መኮንኑ ወንበር ባዶ ሆነ።

ይህ ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ስሕተት ይመስለኛል። የተከፈተው በጎ ሥራ ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው ለእሱ ሲባል ሌላው መዘጋቱ ላይ ነው። ሐኪሙ የሚሠራው ከተማ ባለ ሆስፒታል ነው፤ የገጠሩ ጤና ጣቢያ ግን መሪውን አጣ። አገሪቱ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ስትመታ፣ ጦርነቱም ሲቀጥል፣ በየገጠሩ ሊቆሙ ይችሉ የነበሩ ብዙ መቶ ጤና መኮንኖች ሳይሠለጥኑ ቀርተው ነበር።

መመለስ

እ.ኤ.አ. በ1990 ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር ከካርታ ጠፋች፤ በ1991 ደርግ ወደቀ። ኮሌጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም መደገፊያውን አጣ ማለት ይቻላል። የተረፈው እዚያው የተማሩት መምህራን ነበሩ፤ እነሱም ቤቱን ይዘው ቆሙ። የላይፕዚግም ወዳጅነት በስሙና በሥርዓቱ ለውጥ አልተቀበረም፤ ከጀርመን ውሕደት በኋላ ሁለቱ ተቋማት ግንኙነታቸውን ቀጥለዋል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የጤና መኮንን ሥልጠና እንደገና ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው ደባት፣ ኮሌጁ የጥናት ጣቢያ ከፈተ። በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደለቀቀ፣ ማን እንደሞተ በየጊዜው ይመዘገባል። ሰው ሲሞትም ቤተሰቡን በትሕትና ጠይቆ ምልክቱን በመመዝገብ የሞቱ ምክንያት ይለያል። የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት ገጠር የአንድ ሕፃን መሞት ተቆጥሮ ሐኪሞችና ዕቅድ አውጪዎች ጠረጴዛ ላይ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። በደምቢያው ወረርሽኝ ጊዜ ሟቾቹን በስም የያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካው ካርተር ሴንተር ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም ጀመረ። ከፕሮግራሙ አማካሪዎች አንዱ ዴኒስ ካርልሰን፣ እኒያ የ1960ዎቹ የጎንደር ዲን፣ ነበሩ። ፕሮግራሙ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለተማሪው የቀረበው የመማሪያ ጽሑፉ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ሳንባ ምች፣ ስለ አካባቢ ንጽሕና የአገሪቱን ሁኔታ መነሻ አድርገው ከ200 በላይ ሞጁሎችና ሌክቸር ኖቶች ጻፉ፤ ጽሑፎቹም በነጻ ተሰራጩ። በዚያ ዘመን የተማረ የጤና ተማሪ ሁሉ «የካርተር ሴንተር ሌክቸር ኖት» ሲባል ያውቀዋል። የውጭ መጽሐፍ መግዛት የማይችል፣ ቤተ መጻሕፍት ከሌለው ከተማ የሚሠራ ጤና መኮንን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ ያነበው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ኮሌጁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአፄ ቴዎድሮስ፣ በአፄ ፋሲልና በማራኪ ግቢዎች ሕግ፣ ግብርና፣ ምሕንድስና፣ ቢዝነስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተከፈቱ። ዩኒቨርሲቲው ከሰፋ በኋላ ትምህርቱን ወደ ተማሪው የማምጣቱ ልማድም በአዲስ መልክ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት 5,000 ጤና መኮንኖችን በአጭር ጊዜ ለማፍራት ሲነሣ ሥልጠናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ብቻ አልተወሰነም፤ ተማሪዎቹ ብዙውን ትምህርት የወሰዱት በየክልሉ ባሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ነበር። የመማሪያ ክፍል እጥረት እንቅፋት ሊሆን የሚችለውን ዕቅድ የጎንደር አሮጌ ዘዴ አሳለፈው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ ኮንቲኔንታል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ተጣምሮ የማስተርስ ትምህርት ሰጠ፤ በዚህም ዋና ከተማ ያለ ባለሙያ ጎንደር ድረስ መጓዝ ሳያስፈልገው የጎንደርን ዲግሪ ማግኘት ቻለ።

ቆላው፣ ጓዳውና ካናዳ

በመተማና በሑመራ ቆላ የሰሊጥና የጥጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ሌሊት በእርሻው ዳር፣ በግራር ሥርና በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ ትነድፋቸዋለች። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትኩሳት ይነሣል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል። ካላዛር ይባላል፤ ካልታከመ ይገድላል። የሚይዘው ድሀውን ስለሆነ ትልልቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች ብዙ አልተጨነቁለትም።

ትኩረት ለተነፈጋቸው በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ዲ.ኤን.ዲ.አይ. የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲቋቋም የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎች በአንድ መረብ ተሰባሰቡ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ተሠራ። ከዚያ በፊት ሕክምናው ለ30 ቀን በየዕለቱ የሚወጋ መርፌ ነበር። ጎንደር የተሳተፈችበት ጥናት ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ወደ 17 ቀን አወረደው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀበለው። ከኬንያ፣ ከሱዳንና ከዩጋንዳ ጋር የተደረገውና በ2022 ውጤቱ የታተመው ጥናት ደግሞ ከመርፌዎቹ አንዱን በሚዋጥ መድኃኒት ተክቶ ሕክምናውን 14 ቀን አደረሰው። ለቀን ሠራተኛ የእነዚህ ቀናት ትርጉም ግልጽ ነው፤ አልጋ ላይ ያልዋለበት እያንዳንዱ ቀን ወደ ቤቱ የሚልከው ገንዘብ ነው።

ሌላው ሥራ ጓዳ ውስጥ ነበር። አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከእንግዳ ዓይን መሸሸግ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ቤተሰቡ እፍረትም ፍርሃትም አለበት። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት ሄደው እነዚህን ልጆች ይፈልጋሉ። እናቲቱ ልጇን እንዴት እንደምታስቀምጥ፣ እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ትምህርት ቤት እንዴት እንደምታስገባ አብረው ያያሉ። ይህ የማኅበረሰብ ነርሷ የድሮ መንገድ ነው፤ ደጃፉም ያው ነው።

ይህ ሥራ ነው ጎንደርን ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቀራረባት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የአሥር ዓመት ፕሮግራም ጀመሩ። 450 ወጣቶች፣ በተለይም አካል ጉዳተኞች፣ በጎንደር ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያገኙ፣ 60 የጎንደር መምህራንም ኩዊንስ ሄደው እንዲማሩ ታቀደ። ከዚሁ ትብብር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ተወለደ። የተጎዳ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ምግቡን በልቶ፣ ሥራውን ሠርቶ እንዲኖር የሚያግዝ ሙያ ነው።

በዚህ ትብብር ውስጥ የሚያስደስተኝ ነገር አለ። ካናዳውያኑ የመጡት ባዶ ቤት ሊሞሉ አልነበረም፤ በጎንደር ገጠር እየተሠራ የነበረ ሥራ አይተው ነው የተጣመሩት። ፖንሴና ብሩስ እውቀታቸውን ይዘው ወደ ግንቡ የገቡበት ዘመን ርቋል። አሁን ሁለቱም ወገን የሚያስተምረውም የሚማረውም አለው።

በሩ ሲዘጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ብዙ ሳይቆይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደየቤታቸው ተሸኙ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርቱ በኢንተርኔት እንዲቀጥል ተወሰነ። ከተማ ላለው ተማሪ መንገዱ ጠባብም ቢሆን ነበረ፤ መብራት ከማይደርስበት ቀበሌ ለመጣው ግን ትምህርቱ ቆመ ማለት ነው። ከዚህ ልምድ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ለኢ-ለርኒንግ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ጀመረ።

ኮሮናው ሳያልፍ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ውጊያው ሰሜን ጎንደር፣ እስከ ደባት አካባቢ ድረስ፣ ደረሰ፤ የልደትና የሞት መዝገብ የሚያዝባቸው መንደሮች መዝገብ የማይበቃው ኀዘን ገባባቸው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ቁስለኛ ተቀበለ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር።

እነዚህ ዓመታት ስለ አመቺ ትምህርት አሰጣጥ አንድ ነገር አስተምረዋል። በስልክና በኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት ሊስፋፋ ይገባል፤ ሥራ ላይ ላለው፣ ልጅ ለምታሳድገው እናት፣ መራመድ ለሚያዳግተው ተማሪ በር ይከፍታልና። ነገር ግን ኔትወርኩ ሲጠፋ የሚጠፋ ትምህርት ብቻውን አይታመንም። በፎቶ ኮፒ የተባዛው ሌክቸር ኖት፣ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራው መምህር፣ በቡድን የተላከው ተማሪ፣ እነዚህ የጎንደር አሮጌ መንገዶች መብራት በሌለበትም ይሠራሉ። አዲሱ በአሮጌው ላይ ቢጨመር እንጂ አሮጌውን ቢተካ በጤና መኮንኖቹ ላይ የደረሰው ይደገማል።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ስለ አመቺ ትምህርትና ስለ ማኅበረሰብ አገልግሎት በየዕቅዳቸው ይጽፋሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ጽሕፈት ቤትና የተለያየ ሪፖርት አላቸው። በጎንደር ታሪክ ግን ሦስቱ በአንድ ጉዳይ፣ በደምቢያ ወባ፣ አብረው ተወለዱ። የዓለም ድርጅቶች የመጡት ለእሱ ነው፣ ትምህርቱ ከክፍል የወጣው ለእሱ ነው፣ ማኅበረሰቡ የመማሪያው ቦታ የሆነው ለእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የጠነከረው ሦስቱ አንድ በሽተኛ ዘንድ በተገናኙበት ጊዜ መሆኑን 70ዎቹ ዓመታት ይመሰክራሉ፤ ካላዛሩም የአካል ጉዳተኞቹም ሥራ እንዲሁ ነው።

ወባ ከደምቢያ አልጠፋም። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ዛሬም በጥቁሩ አፈር ላይ ይተኛል፤ ሰብሉ ሲያሸት ትንኙም ይነሣል። ልዩነቱ ዛሬ ቆላ ድባ የሚደርሱ የጤና ተማሪዎች መኖራቸው ነው፤ ሐኪም ሊሆን የተቃረበው፣ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ አዋላጇና የላቦራቶሪ ተማሪው አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ድስት ጥደው። ጠዋት መዝገባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከአጥሩ በር ላይ ይቆሙና «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፤ ውሻው ይጮኻል፣ «ግቡ» እስኪባሉም ቆመው ይጠብቃሉ።